የዘበኛው ሰንጠረዥ

ከዮቅንዓም አናት፣ ከትምህርት ቤቱ በር፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌት ስጠብቅ ሳድር፣
ሁለት ጎረቤቶች አሉኝ የማይተያዩ፤
በአንድ ደጃፍ ኖረው፣ በሰዓት የተለያዩ።

አንደኛዋ ጹፊት፣ አውራ ጣት የምታህል፣
ከመብራት ሽቦ ላይ ጎጆዋን የምትሰቅል፤
ባሏ ፀሐይ ሲነካው ሰማያዊ ነበልባል፣
ደመና ሲመጣ ግን እንደ ከሰል ይጠቁራል።

ሌላዋ ታራንቱላ፣ ከግንቡ ስንጥቅ ውስጥ፣
ስምንት እግሯን አጥፋ፣ እንደ ጓንት የምትቀመጥ፤
አትዘፍን፣ አትለምን፣ ለማንም አታሽቃብጥ፣
ወር ሙሉ ብትጾም ለሰው የማታጋልጥ።

አንድ ጠዋት ተረኛዬ ዘግይቶ፣
ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ሰማሁ፦
መምህርት ቀረን ሰሌዳውን ለሁለት ከፍላ
ልጆቹን ታነጻጽራለች።
"ድምፅ?" "ለጹፊት አንድ!"
"ቀለም?" "ለጹፊት ሁለት!"
"ክንፍ?" ክፍሉ ተናወጠ።
"እግር?" ሲባል ብቻ፣ ኢታማር የሚባል ልጅ፣
"ስምንት" አለ ቀስ ብሎ፣ እንደተያዘ ወዳጅ።

በሳምንቱ ለጎጆዋ ቀይ ሪባን ተወጠረ፣
"ዝም በሉ፣ እናት አለች" የሚል ጽሑፍ ታሠረ።
ስንጥቁንም አልረሱት፤ ሲሚንቶ በባልዲ፣
ካዙላውን ይዞ መጣ ግንበኛው ጌናዲ።

"ቆይማ" አልኩት። "ምንድን ነው፣ ጎባው?" "አለ ተከራይ፤
ከእኔ በፊት የገባች፣ ሰው ሳያያት ሰው የምታይ።"
ባትሪዬን አበራሁለት። ጎንበስ አለ። ዝም አለ።
ባልዲውን በእግሩ ገፋ፣ "ነገ" ብሎ ኮበለለ።

ሌሊት በደብተሬ፣ ከገቢ ወጪው ሥር፣
እኔም መስመር አሰመርኩ ለማነጻጸር፦
ጹፊት ጫጩቶቿን አሥራ አምስት ቀን አቅፋ፣
ሽቦውን ትታ ሄደች፤ ዘፈኑም አብሯት ጠፋ።
ይቺ ግን ሌሊት ዘጠኝ ላይ፣ ከእንቅልፍ ስታገል ስነቃ፣
ሁለት እግር ታወጣለች፤ ሰላምታዋ ይኸው ነው፤ በቃ።

ባዶውን ጎጆ ትናንት አውርጄ ብፈታው፣
ሣር፣ ላባ፣ ቁራጭ ሶፍት፤ ታዲያ ምን ነበር የገታው?
የሸረሪት ድር ነው።
የእሷ አይደለም፣ አልዋሽም፤
የሩቅ ዘመድ ድር ነው፣
እሷ እንዲህ ያለ ጥልፍ አታውቅም።

ቢሆንም ለኢታማር ሰጠሁት።
በመዳፉ ይዞ ብዙ አየና፣
"ስንት ለስንት ሆኑ?" አለኝ።
"አልተዘጋም" አልኩት፣ "ገና።"