የጸደቀው

በሚያዝያ አጋማሽ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣
ከሐረጎ ወርዶ፣ በሞተር ብስክሌት፣
ደብዳቤ ደረሰን፣ ሦስት ማኅተም ያለው፤
«የካካዎ ልማት ዕቅዱ ጸድቋል» ነው የሚለው።

ካካዎን በዓይኑ ያየ የለም ከመካከላችን።
ጌታሰው ባለሙያው መመሪያ ገልጦ አነበበልን፦
«ጥላ ይወዳል፣ ወበቅ ይወዳል፣
ብርድ ከነካው ግን በአንድ ሌሊት ይሞታል።»
አፈር የምትነፋው ቶይባ ወንፊቷን አቆመች፣
«ታዲያ ኮምቦልቻ ምን ሊሠራ መጣ?» ብላ ጠየቀች።
«ፍሬውስ ምንድን ነው?»
          «ቸኮሌት» አላት።
ወንፊቱን እስክትደፋው ድረስ ሳቋ ገደላት።

ዘሩ በአውሮፕላን መጣ፣ እንደ ሹም በክብር፤
አጀብ ሆነን ተቀበልን፤ ከቦርከና ዳር
ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ላስቲክ አፈር ሞላን።
መዝገብ ያዥ ነኝና፣ እኔ እየቆጠርኩ፣ እነሱ እየዘሩ ዋልን።
አንድም አልጎደለም።

መሬቱ የእንድሪስ ሙሄ ነው፤ የማሽላ ማሳ፤
«ለሙከራ» ተባለና ባለቤቱ ተነሣ።
በምረቃው ቀን ነጭ ኮፍያ ሰጡት፣
ከፊት ወንበር አስቀምጠው «አጨብጭብ» አሉት።
አጨበጨበ። ከዚያ ግን ብድግ አለና
ጠየቀ፣ በዝግታ፣ በትሕትና፦
«ይሄ ቸኮሌት ያላችሁት... ገንፎ ይወጣዋል?»
ማይኩ ጠፍቶ ነበር። ማን ሰምቶ ይመልሳል?

ክረምቱ መልካም ነበር። አዲሱ ቅጠል ቀላ፣
እንደ ረጠበ መሀረብ ተንጠለጠለ ከሙዙ ጥላ።
ጌታሰው በየማለዳው በማስመሪያ ይለካል፤
ቶይባ እያንዳንዱን «አብሽር» ትላለች፣ «አብሽር፣ ሁሉም ያልፋል።»

ኅዳር ገባ።
ከተራራው የወረደ ንፋስ ሸለቆው ውስጥ አደረ።
ጆንያ አለበስናቸው። በየዳሩ እሳት ነደደ፣ ተጫረ።
ቶይባ የልጆቿን ብርድ ልብስ ከቤቷ ጎትታ አመጣች።
ሲነጋ፣
ቅጠሉ ሁሉ ጠቁሯል፤ እንደ ካርቦን ወረቀት።
ጌታሰው ማስመሪያውን እንደያዘ ቆመ፤
የሚለካው አጥቶ።

ከዚያ ቅጹ መጣ፤ ሦስት ዓምድ አለበት፦
የተተከለ፣ የጸደቀ፣ በመቶኛ የሚሰላበት።
ከደሴ ስልክ ተደወለ፣ ድምፁ የለሰለሰ፦
«ወንድሜ፣ ከሰማንያ ካነሰ በጀታችን ፈረሰ።»
ሰማንያ ሦስት ጻፍኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ለምን ሰማንያ ሦስት? እንጃ፤ ድፍን ቁጥር አይታመንም።

ዕቅዱ ጸደቀ፤ በጀቱ ጸደቀ፤
ሪፖርቱም በጉባኤ፣ በጭብጨባ ጸደቀ፤
ችግኙ ብቻ ነው ሳይጸድቅ የቀረው፤
የእኔን መጽደቅ ደግሞ የላዩ መዝገብ ያዥ ነው የሚያውቀው።

በግንቦት ቶይባ እጅጌዬን ይዛ ወሰደችኝ፣
ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ አቆመችኝ።
ባሏ አሕመዲን እዚያ ዘበኛ ነው። ከቦይለሩ ግድግዳ ሥር
የእንፋሎት ቧንቧ ይንጠባጠባል፣ ሌሊቱን ሲተነፍስ የሚያድር።
እዚያ፣ በሰባራ ባልዲ ውስጥ፣ አንድ፤
ጉልበቴ ላይ የደረሰ፣
ቅጠሉ ቀይ።

«ከቆጠርከው ውስጥ ሰርቄህ ነበር» አለች፣ ሳታፍር።
«በል እንግዲህ፣ ይሄስ በየትኛው ዓምድ ይስፈር?»
መዝገቡ ቢሮ ነው ያለው። እኔም ምን ልበላት?

የፈረቃው ጡሩንባ ጮኸ። አሕመዲን በሩን ሊከፍት ሮጠ።
ቧንቧው ተነፈሰ፤ ቅጠሉ ላይ ጤዛ ተቀመጠ።
ማዶ፣ ከቦርከና ወዲያ፣ እንድሪስ በሬዎቹን ጠምዷል፤
ከመስመራችን መሀል ባዶ ላስቲክ ይለቅማል፣
ማንም ሳያጸድቅለት
ማሽላውን ይዘራል።