እርከን

ዱካሞ ጎህ ሲቀድ አሞራ ገደል ቆሞ
ከጀልባ የወረደውን ዓሣ በሦስት ይከምራል፦
አንደኛው ለሆቴል፣ በበረዶ ተኝቶ፣
ሁለተኛው ለጓዳ፣ በፌስታል ተሞልቶ፣
ሦስተኛው ለአባ ኮዳ።
አባ ኮዳም ራሰ በራውን ዘንበል አድርጎ ይውጠዋል፤
ጉሮሮ ደረጃ መቼ ያውቃል?

ማታ የዓሣው ሽታ እጁን ሳይለቅ
እንቁላል የመሰለ ኳስ ታቅፎ ይመጣል ሜዳችን፤
አሥራ ሦስት መሆን ሲገባን፣ አሥራ አንድ ነን በሙሉ ቁጥራችን።
ሌዳሞን ፓርኩ ወስዶታል፣ የማታ ፈረቃ፣ ስፌት፤
ቡሪሶ ባጃጁን ይገፋል፣ ነዳጅ ጨርሶ፣ አቶቴ ፊት ለፊት።
ፊሽካው የኔ ነው። ቀን ስፖርት አስተምራለሁ፤
የዚህን ጨዋታ ሕግ ከስልክ አነበብኩት፣ ግማሹን ገምቻለሁ።

ነጥብ ያዣችን ሳሙኔ ናት፣ ገና ዘጠነኛ ክፍል።
«ጋሼ፣ ዓለም ሲሰለፍ፣ እኛ ስንተኛ ነን?»
ዝርዝሩን ከፈትኩት። አንደኛ እርከን፣
ሁለተኛ፣ ሦስተኛ።
ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፤ የለንም እኛ።
መጨረሻ እንኳ የራሱ ቦታ አለው፤
እኛ ከወረቀቱ ውጭ ነው ያለነው።

«ተይው፣ ቁጥር ነው» ልላት ቃጣኝ፤
ውሸት መሆኑ አሳቀቀኝ።
ላይ ያሉት ላይ ካሉት ጋር ይጋበዛሉ፤
ታች ያሉት «መጀመሪያ ውጡ» ይባላሉ።
በምን? መሰላሉ ላይ ነው ያለው።
ካልወጣህ የሚገጥምህ የለም፤
ካልገጠምክ ደግሞ አትወጣም።
ደረጃ ይሉታል። ለኔ ቀለበት ነው የመሰለኝ፤
ይህንን ለልጅ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ጨነቀኝ።

ፊሽካ ነፋሁ።
ዱካሞ ሮጠ። ሦስት ሆነው ጣሉት። ተነሣ፣
ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ አንከባለለ፣
ደግሞ ሮጠ፣ ደግሞ ወደቀ።
ስድስት ጊዜ መውደቅ ተፈቅዷል፤
ከዚያ ወዲያ ኳሱን ለሌላው መልቀቅ ነው።
ይህቺ ሕግ ላይም ታችም አንድ ናት፤
ትከሻህን የሚቀበልህ መሬትም
ስንተኛ ነህ ብሎ አይጠይቅህም።

ሲመሽ ደብተሯን አየሁት። የራሷን ዝርዝር አውጥታለች፦
እርከን አንድ፦ ዛሬ የመጡ።
እርከን ሁለት፦ ፈረቃ የገቡ፣ ባጃጅ የሚገፉ።
እርከን ሦስት ብላ ጽፋ፣ ሥሩን ባዶ ትታዋለች።
አባ ኮዳ ብቻ፣ በቀጭን እግሩ፣
የኖራውን መስመር ረግጦ ቆሟል።