የእንቁላል እግር

ከገላን አስፋልት ወደ ውስጥ ስትገባ፣
ከሲሚንቶው መጋዘን፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
ደሚቱ ዱጉማ ጫጩት ታስፈለፍላለች፤
አምስት ሺህ እንቁላል በሳጥን ደርድራ
ቴርሞሜትር እያየች ሌሊቱን ታነጋለች።
ሠላሳ ሰባት ተኩል። ከዚያ ፈቀቅ ካለ
ከጤፍ የደቀቀ፣ መምታት የጀመረ
ያ ልብ ከዛጎሉ ሳይወጣ ቀረ።
መብራት ደግሞ እዚህ ሰፈር እንግዳ ነው፤
ልሂድ ሲል ተነሥቶ፣ እጁን ማን ሊይዘው?
ጄኔሬተሩ አለ፤ ናፍጣው ነው የሌለው።

እኔ የእህቷ ባል፣ የኮዬ ፈጬ ነዋሪ፣
ሊፍቱ ጉድጓድ ብቻ በሆነበት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣
ቀን ቀን በመሥሪያ ቤት የፈቃድ መርማሪ።
አንዲት ትንሽ የኒውክሌር ማብላያ፣ በወረቀት፣
ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ዓመት ተቀምጣ
እሷ እኔን ስታይ፣ እኔም እሷን ሳይ።

ትንሽ ናት። ውበቷም ይኸው ትንሽነቷ፤
ፋብሪካ ተበጅታ፣ በየክፍሏ ታሽጋ፣
በተሳቢ መኪና በጅቡቲ መንገድ
እንደ ሙሽራ ጓዝ ተጭና መምጣቷ።
ጭስ የላት፣ ግድብ የላት፣ ዝናብ አትጠብቅ፤
በስንት ዓመት አንዴ ነዳጅ ብትጎርስ
ገላንን፣ ዱከምን፣ ቃሊቲን ጨምራ
ሌት ተቀን ታበራለች፣ እንቅልፍ ሳታውቅ።
ይላል ማመልከቻው። እኔም አምነዋለሁ፤
በስልኬ መብራት ደረጃ ስወጣ
ከቀኑ ይልቅ ማታ አብልጬ አምነዋለሁ።

ደንባችን የተሰፋው ለግዙፎቹ ነው፣
ባሕር ለሚጠጡት፣ ደመና ለሚተፉት።
ሳኦል ጥሩሩን ለዳዊት እንዳለበሰው
እኛም ይህችን ብላቴና በዚያው ልክ ለካናት፤
እጅጌው መሬት ነካ፣ መራመድ አቃታት።
«አውልቁላት!» ይላሉ ገንዘብ ያወጡት፤
«ዳዊትኮ በወንጭፍ፣ በአንዲት ጠጠር ረታ።»
እውነት ነው። ያቺ ጠጠር ግን ግንባር መትታ
ወድቃ ቀዘቀዘች በዚያችው ማታ።
የዚህችኛዋ ጠጠር ከእሳት ከወጣች ወዲያ
እልፍ ዘመን ትግላለች። ማን ይጠብቃታል?
«አትቅረብ» ብንጽፍ፣ ያን ጊዜ ፊደላችንን
ማንበብ የሚችል ዓይን በምድር ይገኛል?

ተራ ቁጥር አርባ፦ ውኃው ከየት ይምጣ?
ከአቃቂ? ጠዋት ሰማያዊ ሆኖ ማታ ቀይ ከሚመጣ?
ተራ ቁጥር ስልሳ፦ ምድር ብትንቀጠቀጥስ?
ፎቃችን በሌሊት የተወዛወዘ ዕለት፣
ሕፃን ታቅፌ፣ ነጠላ ጫማ በአንድ እግሬ፣
ደረጃውን ስወርድ፣ እስከ ታች እስክደርስ፣
ማርያምን አልጠራሁም፤ «ስልሳ፣ ስልሳ» ነው ያልኩት።
ተራ ቁጥር ዘጠና፦ መርማሪውን ማን ይመርምር?
ባዶ ቦታ። ሦስት ልጆች ለሥልጠና ላክን፤
አንዱ ተመለሰ፤ እሱም ባንክ ገባ፣ ብር ሊቆጥር።

ባለፈው ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ፤ አልመጣም።
ሙቅ ውኃ በጀሪካን፣ ብርድ ልብስ፣ የልጆቼን ሹራብ
ተሸክሜ ደረስኩ። ሳጥኑን አለበስነው።
ከሌሊቱ ስምንት ላይ ዝምታው ከበደኝና
«ቀስ በቀስ» አልኳት፣ «እንቁላል በእግሩ...»
አላስጨረሰችኝም። አንዱን አንሥታ
ከስልኳ መብራት ፊት ያዘችው፤ ቀይ ጭላንጭል፣
እንደ ክር የቀጠነ ደም። «መጀመሪያ ሙቀት ስጠው፤
እግሩን ከዚያ በኋላ ትጠይቀዋለህ።»
ቆይታ ደግሞ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«አምና ቸኩዬ፣ በሃያኛው ቀን ዛጎል የሰበርኩለት
አንዱም አልቆመልኝም። ሃያ አንድ ነው፤ ሃያ አንድ ነው።
ግን ሃያ አንድ ቀን እንጂ ሦስት ዓመት አይደለም የተባለው።»

ሰኞ ፋይሉን ከፈትኩ። አልፈረምኩም።
ከግዙፎቹ ካባ የተረፈውን ጨርቅ፣
ሃያ ሁለት ጥያቄ፣ በቀይ ሰረዝኩት፤
ስልሳን ግን ሁለቴ አሰመርኩበት።
አለቃዬ ገና አላየውም፤ ስብሰባ ላይ ነው።

የዚያን ሌሊት ስንቱ ተረፈ? አልጠየቅኳትም።
ሲነጋ ከጓሮ፣ አካፋ ይዛ ነበር፤
ውሻ እንዳያወጣው፣ ሽታው እንዳይነሣ፣
ጆንያውን አስቀምጣ መሬት ስትቆፍር።
እኔም፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ምላሴ ቀደመኝና
«ስንት ሜትር ነው?» አልኳት። «ጥልቀቱ። ስንት ሜትር?»