ውስወሳ

በእኛ ሙያ ውስወሳ ማለት
ጨርቅን ከጨርቅ ጋራ፣ ከመሰፋቱ ፊት፣
ላላ አርጎ መያዝ ነው፤
ስፌቱ ሲያበቃ ተመዞ የሚጣል ክር ነው።
የኔ ግን አልወጣም፤
ከጨርቁ ተነሥቶ ከልቤ ገባና
ይኸው ስድስት ዓመት ይወሰውሰኛል፤
"መርፌ ረስተሃል፣ እስቲ እንደገና" ይለኛል።

ቅዳሜ ገበያ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣
ሱቄ ቁምሳጥን ታህላለች፤ መርፌዬ አሥራ ሁለት።
ማታ እቆጥራለሁ። አሥራ ሁለት።
ቆልፌ ወጥቼ ቀሃ ድልድይ ስደርስ፣
አሥራ አንድ ቢሆንስ?
ጎንደር ተኝታለች፤ እኔ እመለሳለሁ፤
አሥራ ሁለት።
ድልድዩ ላይ ደግሞ እንደ አበዳሪ ቆሞ ይጠብቀኛል፤
"ቆጥረሃል፣ እሺ፤ ግን አይተሃል?" ይለኛል።

የወይዘሮ ትጓደድን ልጅ የክርስትና ልብስ
ሦስት ጊዜ ሰፋሁ፣ ሦስት ጊዜ ፈታሁ፤
በአራተኛው ሌሊት
ጉንጬን በሸማው ላይ እያሻሸሁ አደርሁ፣
ከሕፃኑ ገላ እኔን ቀድሞ ይውጋኝ ብዬ።

ደብሪቱ በፊት ሣቀች። ኋላ ዝም አለች።
ኋላ መርፌዎቹን ሁሉ ደበቀች።
ያን ሌሊት አይጣል ነው፤ የምቆጥረው አጣሁ።

ጠበልም ሄጃለሁ። አልዋሽም፣ ቀለለኝ፤
ከበሩ ስወጣ፣ "በደንብ ተጠምቀሃል?" አለኝ።

ዶክተር ስመኝ ናት ኋላ የነገረችኝ፦
"ለጥናት ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም፤
እንዳንተ ያለ ሠላሳ፣ እንዳንተ ያልሆነ ሠላሳ፣
አንጎሉ ምስል ሲነሣ
ልዩነቱ የት ነው? ይህን ነው ምንሻው።"
ፈረምሁ። ፊርማዬን ሰባት ጊዜ አየሁት።

የማሽኑ ክፍል በር ላይ፣ ባለሙያው ውባንተ፦
"ብረት ነገር አለህ? ቁልፍ? ሳንቲም? መርፌ?"
መርፌ!
ኮሌታዬን ዳሰስሁ፣ እጅጌ፣ ቀበቶ፣ እንደገና ኮሌታ።
"ማግኔቱ መርፌ ካገኘ እንደ ጥይት ይስባል"
አለኝ በቅንነት።
ሰው ሁሉ ስድስት ዓመት "ምንም የለም" ሲለኝ፣
አንድ ክፍል አገኘሁ
ፍርሃቴ ሕግ ሆኖ በሩ ላይ የተለጠፈበት።

የነሱን ልብስ ለበስሁ፤
(ጠርዙ አልተዘመዘመም።)
ውባንተ በመፈተሻው ዳሰሰኝ። አንዴ።
"ድገመው" አልሁት።
አየኝ። አልደገመውም።

ውስጡ ነጭ ዋሻ ነው፤
ድምፁ የስፌት መኪና፣ መርገጫው የተለቀቀ፣
ታታታታ፣ ዝም፣ ከዚያ ድም ድም።
አትንቀሳቀስ ብለዋል፤ ጣቴ አይቆጥርም።
ከፊቴ መስተዋት፣ በመስተዋቱ ሥዕል፦
አበባ።
ወንበር።
ያልተቆለፈ በር።
የሕፃን አልጋ፣ አንሶላው ላይ መርፌ።

በወሩ ጠርታ ምስሉን አሳየችኝ፦
ግራጫ፣ የተጨማደደ፣ ካውያ ያልነካው ጨርቅ።
"እዚህ፣ ከግንባር ጀርባ፣ 'ስህተት አለ' የሚል፤
እዚያ፣ ከጥልቁ ውስጥ፣ 'በቃ' ማለት ያለበት፤
ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ ይዞራል፤
በብዙዎቻችሁ ዙሩ ደምቆ ይታያል።
ግን ያንተን ለብቻው አነብባለሁ አልልም፤
ስድሳው ሲደመር ነው ነገር የሚናገር።"

አየሁት። ከጥቅልሉ ወደ መርፌ፣ ከመርፌ ወደ ጥቅልል፣
ቋጠሮ የሌለው ክር።
"ሰይጣኑስ የታለ?" አልኋት።
"የሚታየው ደም ነው፣ የሚሮጥ ደም" አለች።
"መርፌዋስ?"
"እሷም የለች።"
አመንኋት።
እስከ ደረጃው ድረስ አመንኋት።

በባጃጅ ወረድሁ። ሰፋሁ። ቆጠርሁ። ዘጋሁ።
ቀሃ ድልድይ ላይ ቆሟል፣ እንደ ወትሮው፤
"አሥራ አንድ ቢሆንስ?"
ይሆናል አልሁትና
ሁለት እርምጃ ሄድሁ፣
ሦስተኛው ላይ ዞርሁ።
ከፈትሁ። አሥራ ሁለት።
አንዴ ብቻ፣ እንደ ውባንተ እጅ፣ አንዴ፤
ዘጋሁና ድልድዩን እየተንቀጠቀጥሁ አለፍሁ።
ከኋላዬ ይጣራል።
ይጣራ።