ሌላ

ባሕር ዳር፣ ቀበሌ፣ ወረፋ ላይ ጡሃ፣
ሱሪው እስከ ጉልበቱ፣ ጠጥቶ የጣና ውሃ።
«ብሔር?» አለች ጸሐፊዋ፣ ቀና ሳትል ከቅጹ፤
አፉን ከፈተና፣ ዘገየበት ድምፁ።

አያቱን ጣልያኑ፣ ወደቡን ሲያሠራ፣
«ሁለት እጅ፣ አንድ ታንኳ» ብሎ ጻፈ በስሙ ተራ።
ጣልያኑ ሄደ፤ መዝገቡ ቀረ፤
ባላባት መጣ፣ ቆጠረ፤ ደርግም መጣ፣ ቆጠረ።
ቋንቋቸው ግን ያኔ፣ ወይ ከዚያ በፊት፣
ማንም ሳይቀዝፍለት፣ ሰጠመ አንድ ሌሊት።

አንዲት ቃል አለችው፣ ካባቱ የቀረች፣
ስድብ ትሁን የዓሣ ስም፣ ሳትነግረው ያረጀች።
እሷኑ ተናገረ።
«ድገሙልኝ፣ አባ» አለች።
ደገመ።
«ሌላ» ብላ ጻፈች።

ውጭ፣ ነፋሱ በርትቷል፤
ታንኳው ከገመዱ ጋር ይሟገታል።