የምታክለኝ ጀልባ

ሦስት መቶ ሃያ ዩሮ፣ በብስኩት ቆርቆሮ፤
ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ለኑሮ፣
ጡረታ የወጣሁ፣ ጉልበቴ የዛለ፤
ጀልባ ይላል ልቤ፣ ሕፃን እንዳከለ።

ከቤቴ ጀርባ ያለውን ጥድ ሲሻገሩት
ሐውኪላምፒ አለ፣ ኩሬ ነው የሚሉት፤
ድንጋይ ብትወረውር ማዶውን አይስትም፣
ግን ከዳር ለቆመ ዓሣው አይገኝም።
ከቄጠማው ኋላ፣ ከጥቁሩ ጥላ ሥር
ጥርሳሙ ተኝቶ በኔ ላይ ሲያሴር
ስንት በጋ አለፈ።

የመጀመሪያው ሻጭ፣ ኦይቫ የሚባለው፣
ጋራዡን ሲከፍተው ዓይኔን አጭበረበረው፤
ነጭ ፋይበር ግላስ፣ እንደ ሙሽራ ጥርስ፣
ቀለሙ ገና እርጥብ፣ ጣትን የሚያለብስ።
ከፊት ሳንኳኳባት ጠራች እንደ ከበሮ፤
ከኋላዋ ስደርስ ግን ዝም አለች ደንቆሮ።
"ውኃ ጠጥታለች" አልኩት። "ጤዛ ነው" አለኝ።
ጤዛ ጠጥቶ የሰከረ እስከ ዛሬ አልገጠመኝ።

ሁለተኛው ዩርኪ፣ ገና ጎረምሳ ነው፣
ጀልባውን ከቦርሳ እንደ ካልሲ መዘዘው፤
በእግር ሲረግጡት የሚነፋ ጎማ፣
ዋጋው መቶ ሃያ፣ ክብደቱ እንደ ጫማ።
እሺ ልል ስከጅል፣ እጄ ኪሴ ገብቶ፣
ታየኝ መንጠቆዬ ከጎማው ተሰክቶ፣
ታየኝ መሃል ኩሬ ትንፋሹ ሲወጣ ተንፈቅፍቆ፣ ተፍቶ፣
እኔም በስልሳ ስምንቴ ዋና ስማር አምሽቶ።

የሱቁ አሉሚኒየም፣ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ፣
ሺህ ስድስት መቶ ዩሮ፤ ሻጩ ቆሞ ሲያፏጭ።
ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተያየን፤ ተለያየን።

የእህቴ ባል "ሞተር!" ይላል፤ ጎረቤቴ "አራት ሜትር!"፤
ማንም ግን አልጠየቀኝ ማን እንደሚጎትታት ከቤት እስከ ኩሬው ዳር።
ጥዱ መሃል መንገድ የለም፤ ያለው የኔ ወገብ፤
ወገቤን ሳላማክር ማንን ላስደስት፣ ማንን ላጥግብ?

ቅጠሉ ሲቀላ፣ ውርጭ ሳይጀምር፣
ራውኒን አገኘኋት፣ በእንጨት ፋብሪካው ዳር።
ከሳውናዋ ኋላ፣ በግንባሯ ተደፍታ፣
አረንጓዴ የፕላይውድ ታንኳ፣ እንደ ኤሊ ተኝታ፤
ሆዷን ጠፍጣፋ፣ አፍንጫዋን ደነዝ ሆኖ አገኘሁኝ፤
ውበት ሲከፋፈል ተኝታ ነበር መሰለኝ።
"ባሌ ነው የሠራት" አላለችም፤ "እኔ ነኝ" አለች፣
መዶሻ የቀጠቀጠው አውራ ጣቷን አሳየች።

ዋጋ ስጠይቃት፣ "መጀመሪያ ግባ፣
ሣሩ ላይ ተቀመጥባት፤ እዚህ ነው የጀልባ፣
የጋብቻም ፈተናው" አለች ኮስተር ብላ።
"ቁም። አሁን አስነጥስ። ወደ ግራ ጎንበስ፣
ዓሣ እንደያዘ ሰው። በል ተነሥ፣ ተመለስ።
ጉልበትህስ?"
"ያመኛል።"
"ወንበሩን ዝቅ አድርጌ እመታልሃለሁ።"

"ሁለት መቶ ስልሳ" አለች። "ሁለት መቶ" አልኩኝ።
"እዚህ ጋ ጠብ ጠብ ታስገባለች፣ እወቅ" አለችኝ፣
ሳልጠይቃት፣ ነውሯን በጣቷ ጠቁማ።
ምኑን ልከራከር፣ ሻጭ እውነት ከተናገረማ?
ቆጥሬ ከፈልኳት። የተረፈው ስልሳ
ለሁለት መቅዘፊያና ለመንሳፈፊያ ሰደርያ ሆነ፤
ቆርቆሮው ባዶ ቀረ።

ትናንት ጎህ ሲቀድ ሐውኪላምፒ ወረድን፤
እኔ፣ ወገቤና እሷ፣ ሦስት ሆነን ተጎተትን።
ውኃው ላይ ስገፋት አልተግደረደረችም፤
ወዲያ ወዲህ አለች፣ ቦታዋን አገኘች።
ጠብታው እንደተባለው መጣ፣ ከተባለው ቦታ፤
በብስኩቱ ቆርቆሮ ቀድቼ መለስኩት፣ በእርጋታ፣
የኩሬውን ለኩሬው።

ጥርሳሙ አልነካኝም። ከቄጠማው ኋላ
አንድ ክብ ብቻ ተነሣ፣ ሰፋ፣ መጣና
ጎኗን ዳሰሰው።
ጭጋጉ አፍንጫዬ ገብቶ አስነጠስኩ፤
አልተገለበጠችም።