እጥፋት

አበባዋን አንድ ጊዜ ሣልኳት፤
አምስት ቅጠል፣ መሐሏ ቢጫ።
ከዚያ ቀዳኋት፣ ለጠፍኳት፣
ቀዳኋት፣ ለጠፍኳት፣
ስክሪኑ ሞልቶ እስኪፈስስ፣
መቶ ሃያ እኅትማማች፣ አንዷ ካንዷ የማትበልጥ፣ የማታንስ።

እትዬ ወርቅያንሱ ከሥር ባለው ሌየር ቆማለች፣
ገና ጥለት ያልነካው ግራጫ ቀሚስ ለብሳ፣
ደጎል ጥግ፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ ቀኝ ክንዷን አንሥታ፣
የደረሰኝ ጥራዟን መቀነቷ ውስጥ ወሽቃ፣
ለአንዲት ቪትዝ፦ «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ! በቃ!»

አበቦቹን አለበስኳት።
ቁጭ አሉ፣ እንደ ግድግዳ ወረቀት።
ክንዷ ተነሥቷል፣ አበባው አልተነሣም፤
ወገቧ ታስሯል፣ አበባው ወሬውን አልሰማም፤
ቀሚሱ ብቻውን ቆመ፣
ውስጡ ሰው እንዳለ ያልተነገረው።

ጥላ ጨመርኩበት። ቆሸሸ እንጂ አልታጠፈም።
አጣመምኩት። እንደ ሰካራም ተንገዳገደ።
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት መብራት ሄደ፤
ታብሌቱም ዐሥራ አንድ ፐርሰንት ላይ ጥቂት ታግሎ
ተከትሎት ሄደ።

ጠዋት ወረድኩ ወደ ጋሽ ነስሩ፣
ደረጃው ሥር ወዳለችው ሱቁ፤
ስፋቷ አንድ ሲንጀርና የአንድ ሰው ትዕግሥት።
የሱ መስመር መብራት ስላለው ነው፣ ሌላ ነገር አልነበረኝም።
መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣
ሥዕሉን እንደ ጨርቅ በሁለት ጣቱ ሊዳብስ ሲሞክር
ዘልሎ ተለቀበት።
«ውይ! አፍንጫዋ ብቻ ቀረ!»
ሣቀ። ዝም አለ። ቆይቶ፦

«ይሄ ገና ጣቃው ላይ ነው ልጄ፣
መቀስ አላየም።
ብብቱ የታለ? ጥለት ስፌት ጋ ሲደርስ ይሰበራል፣
እጥፋት ውስጥ ይገባና ግማሹ ይቀራል፤
የቀረውን ዐይን ራሱ ይሰፋዋል።
አንቺ ምነው ሁሉንም ታሳዪናለሽ?»

ክሩን በጥርሱ በጠሰ።
«ደግሞ ይችን ቀሚስ አውቃታለሁ።
መጋረጃ ነበረች፣
ዶሮ ማነቂያ፣ ቤታቸው ሳይፈርስ።
ሁለት ቀን ሲቀረው ጠቅልላ አመጣችልኝ፤
‹ነስሩ፣ ለዚች የሚሆን መስኮት ከእንግዲህ የለኝም፣
በኔ ልክ አድርጋት› አለችኝ።
ጨርቁ አጠረኝ። በቀኝ ብብቷ ሥር
አንዷን አበባ ዘቅዝቄ ሰፋኋት።
ይኸው ስንት ጊዜዋ፣ ሰው አላየብኝም።»

ሄጄ ቆምኩ፣ መኪና እንዳላት ሰው።
ክንዷ ሲነሣ ብቅ አለች፣
ራሷን ወደ አስፋልቱ ደፍታ።
ሌላም አየሁ፦ ፀሐይ የበላችው
ያኔ ወደ ውጭ ያበጠውን ብቻ ነው፤
እጥፋት ውስጥ የነበረው ቀይ፣ እንደ ቀይነቱ ነው።
የመስኮቱ እጥፋት ሽቅብ ቁልቁል፣
የሰውነቷ እጥፋት አግድም፣
አንዱ ባንዱ ላይ አልፎ ይሄዳል፣ ሳይጠያየቅ።

ማታ መቶ ሃያዎቹን አሰናበትኳቸው።
አንድ በአንድ ጀመርኩ፦
ትከሻዋ ላይ የተለጠጠችውን፣
መቀነቷ የጨፈለቃትን፣
እጥፋት ውጧት በአንድ ቅጠሏ የምታጮልቀውን።
ከዚያ በላያቸው፣ በስሱ፣
የሌለውን መስኮት ፀሐይ።
የተዘቀዘቀችዋን መጨረሻ ላይ ሣልኳት፤
እጄ ሦስቴ ሊያቃናት ፈለገ፣
ሦስቴም መለስኩት።

አሳታሚው ጻፈልኝ፦
«ግሩም ነው። ግን ብብቷ ሥር
አንዷ አበባ ተገልብጣለች። ትታረም።»

ብዙ ቆየሁ።
ከታች፣ ከመንገዱ፣ «በቃ! በቃ!» ይሰማል።
አንዲት መስመር ሳልነካ፣
የፋይሉን ስም «የታረመ» አልኩትና
መልሼ ላክሁለት።

«አሁን ልክ መጣ» አለኝ።